አናት ላይ የጀመረ የፀጉር መሳሳት፦ ነጭ ሽንኩርት ከማሸታችሁ በፊት

ደም ማነስ፣ ታይሮይድና ወሊድ ፀጉር እንደሚያረግፉ ታውቃላችሁ። እሱ ይመለሳል። እዚህ የማነሳው ስሩ በጠባሳ ተዘግቶ የሚቀረውን ነው።

ምልክቱ፦ መሃል አናት ላይ ፀጉር መሰባበር ይጀምራል። ያሳክካል፣ አንዳንዴ ሲነካ ያማል። ከዚያ ይሳሳና ዙሪያውን እየሰፋ ይሄዳል። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሴቶች ናቸው። አንዷ ሻሿን ስትፈታው፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ እንደታሰሰ ምጣድ ያብለጨልጫል። በማጉያ ባየው አንድም የፀጉር ቀዳዳ የለም። «ላሽ ነው» ተብላ ሁለት ዓመት ነጭ ሽንኩርት አሽታበታለች፤ ቆዳዋን ልጦታል። ላሽ ቢሆን እኮ ቀዳዳዎቹ አይጠፉም! «ዶክተር፣ ይበቅላል አይደል?» አለችኝ። መሃሉ አይበቅልም። ጠርዙን ግን አተረፍነው።

መንስኤው፦ ከፊሉ በዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንዳንድ ታማሚዎች ላይ ፓዲ3 የተባለው ዘረመል ተለውጦ ተገኝቷል። ጥብቅ ሹሩባ፣ ፔስትራና የማለስለሻ ኬሚካል ግን ወዲያው ይቁሙ።

መፍትሄው፦ ለምርመራ ከራስ ቆዳው ትንሽ ናሙና ይወሰድ፤ ከጠርዙ፣ ፀጉር ካለበት። ከሚያብለጨልጨው መሃል ከተወሰደ ውጤቱ «ጠባሳ» ብቻ ይላል፣ ወራት ይባክናል። ይሄን ስህተት ስንቴ አየሁት! ከዚያ ክሎቤታሶል ቅባት፣ ጠርዙ ላይ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ የትራያምሲኖሎን መርፌ (ሁለቱም ብግነት የሚያበርዱ ስቴሮይዶች ናቸው)፣ ለጥቂት ወራት ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ። እርጉዝ ከሆናችሁ ዶክሲሳይክሊን አይወሰድም፤ ቀድማችሁ ተናገሩ። ክሎቤታሶሉን ፊታችሁን እንዳትቀቡት። ለእህታችሁም እንዳታካፍሉ። ማሳከኩ ስለቆመ ብቻ አታቋርጡ።

የሳሳው ግንባርና ጆሮ አካባቢ ብቻ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሹሩባው ነው። ዛሬውኑ ፍቱት፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል። ልጅ ራስ ላይ መግል የቋጠረ እብጠት ጭርት ሊሆን ይችላል፤ የሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚፈልገው። ቅባት ስሩ ጋ አይደርስም።

ወደ ጥፍር ስንመጣ፣ ቆዳው ከስሩ ተስቦ ጥፍሩን ለሁለት ከከፈለው ላይከን ፕላነስ የተባለውን የቆዳና የጥፍር ብግነት ጠርጥሩ። ሳይመረመር የፈንገስ ኪኒን አትጀምሩ፤ ጠባሳው እስኪጠና ጊዜ ይበላባችኋል። ሁሉም ጥፍሮች ወፍረው ቢጫ ከሆኑና ማደግ ካቆሙ ሳንባችሁ ይታይ። ጥቁር መስመር በእኛ ቆዳ ብዙ ጣት ላይ ቢታይ የተለመደ ነው። አንድ ጣት ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ ግን ካንሰር ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1981 ቦብ ማርሊን የገደለው ሜላኖማ የጀመረው ከእግሩ ጣት ጥፍር ስር ነው። «ኳስ ስጫወት ተረግጬ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ታዩት።