ወደ ወላይታ ትምህርት ቤቶች የሚጓዙ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ከሚገኙ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መካከል ወጣቶቻቸውን አሰባስበው ለአጭር ጊዜ አገልግሎት ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የሚልኩ አሉ። በጎ ፈቃዱ የሚያጠራጥር አይደለም፤ ችግሩ ዕቅዱ ከትምህርት ቤቱ ሥራ ይልቅ በተጓዦቹ ዕረፍትና ምኞት ላይ ሲመሠረት ይጀምራል። በዚህ ጽሑፍ ወላይታን ምሳሌ አድርገን ስህተቶቹን እንመለከታለን።

ከሁሉ የሚቀድመው የጊዜ ምርጫ ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሐምሌና በነሐሴ ዝግ ስለሆኑ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በእነዚሁ ወራት ነው። ነገር ግን የወላይታ ተማሪዎችም በክረምቱ ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ከሶዶ ወጣ ያሉ ቀበሌዎች መንገድም በጭቃ ይያዛል። ርዕሰ መምህሩ እንግዳ መጣ ተብሎ ልጆቹን ከማሳና ከከብት ጥበቃ ካስጠራቸው፣ ቡድኑ የሚያየው ለእርሱ ሲባል የተሰናዳ አቀባበል እንጂ የመማር ማስተማሩን ሥራ አይሆንም። የተሻለው ጊዜ የታኅሣሥ ወር አጋማሽ ነው። በአሜሪካ ለገና ሲዘጋ በእኛ አቆጣጠር ገና ታኅሣሥ 29 ስለሚውል ትምህርቱ አይቋረጥም፣ መንገዱም ደረቅ ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ግን ከዚያ ብዙም ስለማይርቅ ቀኑን አስቀድሞ ከትምህርት ቤቱ ጋር መወሰን ያስፈልጋል።

ወጣቶቹ «አገር ቤት ገባን» ብለው መዝሙሩንም ታሪኩንም በአማርኛ አዘጋጅተው መሄዳቸው ሌላው ስህተት ነው። በዝቅተኛ ክፍሎች የማስተማሪያው ቋንቋ ወላይትኛ ነው። «ስምህ ማን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጥያቄውን ራሱን ደግሞ ሲመልስ፣ እንግዶቹ ይስቃሉ፤ ልጁም አብሮ ይስቃል፤ ነገር ግን የገባው ነገር የለም። የዝግጅቱን ጽሑፍ ቀደም ብሎ ለመምህራኑ መላክና አስተርጓሚውን ከእነርሱ መካከል መምረጥ ይህን ያቃልላል።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መዘመርና መስበክ አይገባም። የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከማናቸውም ሃይማኖታዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። የእንግዶቹ አውሮፕላን ከተነሣ በኋላ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት መልስ የሚሰጠው ርዕሰ መምህሩ ነው። ስብከቱ በአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን፣ በእሑድ ሊሆን ይችላል።

እዚያም ቢሆን ወንጌል ይዞ የመጣ የመጀመሪያ ሰው መስሎ መታየት ትዝብት ላይ ይጥላል። በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ቡድን ወላይታ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። ሚሲዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ጥቂት ነበሩ፤ ሲመለሱ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው አገኟቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያገለገሉት የአካባቢው ወንጌላውያን ናቸው። የእነርሱን የልጅ ልጆች ለማስተማር የሚሄድ ወጣት ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጦ መስማትን የመርሐ ግብሩ አካል ቢያደርግ ያተርፋል።

ስጦታን በተመለከተ ብዙ ጥፋት ይፈጸማል። በሻንጣ የሚገባ መድኃኒት ዋነኛው ነው፤ ያለ ፈቃድ ከመጣ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል፣ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነም ለተቀባዩ ሸክም ነው። የአንጀት ትላትል ክኒን ለልጆች በራስ ፈቃድ ማደል ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ በአገር አቀፍ ፕሮግራም በየትምህርት ቤቱ ስለሚሰጥ፣ ጤና ኬላው ሳይጠየቅ መድገም ተገቢ አይደለም። ከአሜሪካ የሚመጡ ማተሚያዎችና የፀጉር ማሽኖችም በ120 ቮልት ብቻ የሚሠሩ ከሆነ እዚህ 220 ላይ ሲሰኩ ይቃጠላሉ።

በእኔ ግምት ከከረሜላና ከእስክሪብቶ ይልቅ የሚጠቅመው ጫማ ነው። ወላይታ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። የክፍል ኃላፊ መምህራን የልጆቹን የእግር ቁጥር መዝግበው ይላኩ፤ ጫማው ከሶዶ ገበያ ይገዛ፤ ዕደላውም በስም ጥሪ በየክፍሉ ይከናወን። ሜዳ ላይ የተከፈተ ካርቶን ትልልቆቹ ገፍተው የሚወስዱት፣ ትንንሾቹ ተረግጠው የሚያለቅሱበት ይሆናል።

ፎቶግራፍን በአጭሩ ለማለፍ፦ ወላጅ ያልፈቀደውን የልጅ ፊት ፌስቡክ ላይ ማውጣት፣ ይልቁንም «ረዳናቸው» ከሚል ጽሑፍ ጋር፣ ነውር ነው።

የመጨረሻው ስህተት በግል ቃል ኪዳን መግባት ነው። በመሰናበቻው ቀን ስሜት ያሸነፈው ወጣት ለአንድ ልጅ ስልክ ቁጥሩን ይሰጥና «እኔ አስተምርሃለሁ» ይለዋል። ቤተሰቡ ያንን ይዞ ጥጃውን ከመሸጥ ይቆጠባል፣ ልጁንም ከተማ ለመላክ ይዘጋጃል፤ ወጣቱ ግን ወደ ትምህርቱና ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ መልእክቱን ሳይከፍት ወራት ያልፋሉ። ድጋፍ የሚደረግ ከሆነ መጠኑና ጊዜው በጽሑፍ ተወስኖ፣ ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ጋር በሚደረግ ስምምነት በትምህርት ቤቱ በኩል ይሂድ፤ ማን ይረዳ የሚለውንም የልጆቹን ቤት በቅርብ የሚያውቁት መምህራን ይምረጡ።