በታሪክ፣ በሥነ ጽሑፍ ወይም በፍልስፍና ዲግሪ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ሥራ እንዴት ይገባል?

የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የፍልስፍና ወይም የሶሲዮሎጂ ተመራቂ ለኮሙኒኬሽን ሥራ ሲያመለክት ብዙውን ጊዜ የሚጥለው ዲግሪው አይደለም። ቀጣሪው ሲቪውን አንብቦ ሲጨርስ «ታዲያ ሰኞ ጠዋት ምን ይሠራልኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አያገኝም። «ጥሩ የመግባባት ችሎታ አለኝ» የሚለው ሐረግ ሁሉም ሲቪ ላይ ስላለ ማንንም ከማንም አይለይም።

ሙያውን ያቋቋሙት ሰዎችም ቢሆኑ በሕዝብ ግንኙነት አልተመረቁም። አይቪ ሊ እ.ኤ.አ. በ1898 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በጋዜጣ ዘጋቢነት ሠርቷል፤ ኤድዋርድ በርኔይስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1912 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በግብርና ነው።

በመጀመሪያ የተማሩትን በሥራ ቋንቋ ይጻፉት። «የታሪክ ዲግሪ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም። «እርስ በርስ የሚጋጩ ሰነዶችን አመሳክሬ 40 ገጽ ጥናት በተባለው ቀን አስረክቤያለሁ» ቢሉ ግን ቀጣሪው የሚያውቀውን ሥራ ያይበታል። የሶሲዮሎጂ ተመራቂ ቃለ መጠይቅ ማድረግና መጠይቅ ማዘጋጀት ይችላል፤ ይህ የተደራሲ ጥናት ነው። የፍልስፍና ተመራቂ የክርክር ቀዳዳ ቶሎ ያያል። ቃል አቀባዩ ከጋዜጠኞች ፊት ከመቅረቡ በፊት ሊጠየቅ የሚችለውን ከባድ ጥያቄ ሁሉ ከነመልሱ የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልገዋልና ይህ ችሎታ ሥራ ላይ ይውላል።

ከሲቪው ይልቅ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን የሥራ ማሳያው፣ ማለትም ፖርትፎሊዮው ነው። አምስት ጽሑፍ ይበቃል፦ አንድ ጋዜጣዊ መግለጫ፣ ለአንድ ጋዜጠኛ የሚላክ አጭር ኢሜይል፣ ለድንገተኛ ችግር የሚሆን የመጀመሪያ መግለጫ፣ የሦስት ደቂቃ ንግግር እና ለማኅበራዊ ሚዲያ የተዘጋጀ ተከታታይ ልጥፍ። ሥራ ካልነበረዎት ለአንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ወይም ለተማሪዎች ክበብ በነፃ ይጻፉ። እሱም ካልተገኘ ለልምምድ የተጻፈ መሆኑን ጽሑፉ ላይ በግልጽ ያስቀምጡ። የመመረቂያ ጽሑፍዎን አያያይዙ፤ የሚያነበው የለም።

ብዙ ተመራቂ የሚሰናከለው በጋዜጣዊ መግለጫው ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ከዳራ ተነሥቶ፣ ማስረጃ ደርድሮ፣ መደምደሚያውን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥን ነው። የዜና ክፍል የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። አዘጋጁ ቦታ ሲጠበው ከታች ወደ ላይ ይቆርጣል፤ ዋናው ነገር ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ካለ አብሮ ይቆረጣል። እንዲህ ያለ አጀማመር የተለመደ ነው፦

«ድርጅታችን ለማኅበረሰቡ ያለውን ቁርጠኝነት በማሳየት ያዘጋጀው የአቅም ግንባታ ሥልጠና በደማቅ ሁኔታ ተጀመረ።»

ማን ሠለጠነ? በምን? ስንት ሰው? አንዱም የለም። ያው ዜና ሲስተካከል፦

«120 የሌሊት ተረኛ ነርሶች ከሰኞ ጀምሮ ለስድስት ሳምንታት በጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ይሠለጥናሉ።»

ቁርጠኝነቱን አንባቢው ራሱ ይፈርድበታል። መግለጫውን ከ300 እስከ 400 ቃል ውስጥ ይጨርሱት። አንድ ጥቅስ ይኑረው፤ ጥቅሱም ሰው ሲናገር የሚመስል ይሁን እንጂ አንቀጹን በሌላ አፍ አይድገመው። ግርጌ ላይ ስለ ድርጅቱ ሁለት ሦስት መስመርና ስልክ የሚያነሣ ሰው ስም ያስቀምጡ። ዜናው ወጥቶ ስልኩ ካልተነሣ ድካሙ ከንቱ ነው።

ለጋዜጠኛ የሚላከው ኢሜይል ከ150 ቃል አይለፍ። ዜናው ርዕሱ ላይ ይታይ፣ ጽሑፉም በአባሪ ሳይሆን ኢሜይሉ ውስጥ ይሁን። ለ80 ሰው በአንድ ጊዜ ከመላክ ጉዳዩን በቋሚነት የሚዘግቡ ስምንት ሰዎችን መምረጥ ይሻላል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ። «እስከዚህ ሰዓት እንዳይወጣ» የሚል ገደብ የሚሠራው ጋዜጠኛው አስቀድሞ ሲስማማ ነው። ሳይጠየቅ የደረሰውን ሰው የኢሜይሉ አናት ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አያስረውም።

የድንገተኛ ችግር መግለጫ አጭር ነው፦ እስካሁን የተረጋገጠው፣ አሁን እየተደረገ ያለው፣ ቀጣዩ መረጃ የሚሰጥበት ሰዓት። ጥፋተኛ መሰየምና መንስኤ መገመት አይገባም። የሰው ሕይወት ከጠፋ ስለ ድርጅቱ ስም ከመናገር በፊት ስለ ሟቾቹ ይነገር። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፋልሱ መግለጫዎች እስከ ዛሬ ይወጣሉ፤ የሚገርመው ብዙዎቹ የሚወጡት ልምድ ካላቸው ቢሮዎች መሆኑ ነው።

የት ማመልከት? የሕዝብ ግንኙነት ኤጀንሲ በአንድ ጊዜ የብዙ ደንበኞችን ሥራ ስለሚያሠራ ቶሎ ያስተምራል፤ በዚያው ልክ ጫናው ከባድ ነው፣ የሠሩት ሰዓትም በየደንበኛው ይመዘገባል። በአንድ ድርጅት የኮሙኒኬሽን ክፍል ደግሞ ጉዳዩን በጥልቀት ያውቁታል፤ ነገር ግን አንዲት መግለጫ ሕግ ክፍልንና ሦስት ኃላፊዎችን ዞራ ነው የምትወጣው። እርዳታ ድርጅት ውስጥ የሪፖርትና የተረጂዎች ታሪክ ጽሑፍ ይበዛል፤ የባለታሪኩ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይያዝ ፎቶም ስምም አይወጣም። መድረኩን ለሚጠላ ግን መጻፍ ለሚወድ ሰው የውስጥ ኮሙኒኬሽን (ለድርጅቱ ሠራተኞች የሚዘጋጅ መልእክት) እና የንግግር ጽሑፍ አሉለት።

ብዙ ቀጣሪዎች በፈተና ይለያሉ፦ የተዘበራረቀ መረጃ ይሰጡና በአንድ ሰዓት መግለጫ ጻፍ ይላሉ። ወጥመዱ ብዙ ጊዜ ቁጥር ላይ ነው፤ አንዱ ወረቀት 45፣ ሌላው 54 ይላል። ደስ ያለውን መርጦ የጻፈ ይወድቃል። ልዩነቱን ጠቅሶ «ይረጋገጥ» ብሎ ምልክት ያደረገ ያልፋል። ከማስረከብዎ በፊት ያሉትን አምስት ደቂቃዎች ለስም፣ ለማዕረግ፣ ለቀንና ለቁጥር ብቻ ይተዉ።

በቃለ መጠይቁ ስለ ውጤት ሲጠየቁ «ዘገባው በማስታወቂያ ዋጋ ቢተመን ይህን ያህል ያወጣል» አይበሉ። የሙያው ማኅበራት ስለ ውጤት አለካክ የተስማሙባቸውና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጡት የባርሴሎና መርሆዎች የማስታወቂያ ተመን የሕዝብ ግንኙነት ዋጋ እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጠዋል። መልእክቱ የታሰበው ሰው ዘንድ ደርሶ ምን እንዳስደረገው ይናገሩ፦ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ ደወለ፣ የትኛው የተሳሳተ ዘገባ ታረመ። ከተቀጠሩ በኋላም የወጡ ጽሑፎችዎን ከነዚህ ቁጥሮች ጋር በየወሩ መዝግበው ያስቀምጡ፤ ለሕዝብ ያልወጣውን ግን ያለ ቀጣሪዎ ፈቃድ ይዘው አይውጡ።