ኢንተርንሺፕ ልትወጡ ነው? ሜትርና ደብተር ያዙ

የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ለኢንተርንሺፕ የሚመጡ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎችን እየተቀበልኩ አሠራለሁ። ብዙዎቹ ገና ሳይወጡ የሚጨነቁት ስለ መጨረሻው ሪፖርት ነው። እሱ ይቆያችሁ። መጀመሪያ የተመደባችሁበት ሳይት ሥራው የት እንደደረሰ እወቁ። ደውሉና ጠይቁ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ቁፋሮ ላይ ከሆነ የአፈርና የመሠረት ኖታችሁን አንብቡ። ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ሊሞላ ከሆነ ስለ ብረት ርቀት፣ ስለ ከቨር (ብረቱን ስለሚሸፍነው ኮንክሪት ውፍረት) እና ስለ ኦቨርላፕ (ሁለት ብረቶች ስለሚደራረቡበት ርዝመት) ከልሱ። የዓመታት ትምህርት በአንድ ሳምንት ልከልስ ማለት ራስን ማድከም ነው።

የሴፍቲ ጫማችሁ አዲስ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ እየተጫማችሁ አለስልሱት። ቀልዴን አይደለም። እግሩ የተላጠ ተማሪ ፎቅ ወጥቶ ብረት አይቆጥርም፤ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል።

እንደገባችሁ የስትራክቸራል ፕላኑን ቅጂ ለምኑ። አንድ ቢም (አግዳሚ የኮንክሪት ተሸካሚ) ምረጡ። ብረቱን ቁጠሩ፣ የስታፋውን (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያቅፈውን ቀለበት ብረት) ርቀት በሜትር ለኩ። ከኮለኑ (ከምሰሶው) አጠገብ ስታፋው ተጠጋግቶ፣ መሀል ላይ ተራርቆ ብታገኙት አትገረሙ። ክፍል ውስጥ የሣላችሁት የሺር (ቢሙን ሊቆርጠው የሚሞክር ኃይል) ዲያግራም ይኸው ነው። ሺሩ የሚበረታው ቢሙ ኮለኑ ላይ በሚያርፍበት አካባቢ ስለሆነ ብረቱም እዚያ ይበዛል። አንዴ በዓይናችሁ ካያችሁት ፈተና ላይ አይጠፋችሁም።

ስትጠይቁ ያያችሁትን ይዛችሁ ጠይቁ። «ስለ ብረት ያስረዱኝ» ለሚል ተማሪ ማንም ጊዜ የለውም። «ጋሼ፣ ፕላኑ 15 ሴንቲ ይላል፤ እዚህ ጋ ስለካው 18 መጣብኝ፤ ለምን ይሆን?» ካላችሁት ግን ፎርማኑ ራሱ መጥቶ ያያል። ምናልባት ስህተት አግኝታችሁለት ይሆናል። ፌራዮውን (ብረት ሠራተኛውን) እና አናጢውንም ጠይቁ፤ እኛ መሐንዲሶቹ ቢሮ ስንሆን ሥራው ያለው እነሱ እጅ ነው። ኮንክሪት እየተሞላ ብቻ ዝም በሉ። ያኔ ሁሉም ሰው ይጮሃል፤ በእናንተ ተቆጥቶ አይደለም።

ሎግቡኩ (የዕለት ሥራ መዝገባችሁ) ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እሱን ነው። «ዛሬ ኮንክሪት ተሞላ» የሚል መስመር ከፊርማ ማግኛነት አያልፍም። ስላምፕ ቴስት (የእርጥብ ኮንክሪት ቅጥነት በኮን የሚለካበት ሙከራ) ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ። ኮኑ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በሦስት ዙር ይሞላል፣ በየዙሩ 25 ጊዜ በዘንግ ይወጋል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ኮንክሪቱ ስንት ወረደ? ጻፉት። ከሚፈለገው በላይ ከወረደስ ምን ተወሰነ? ማን ወሰነ? ኪዩብ (ለጥንካሬ ሙከራ የሚቀረጽ የኮንክሪት ናሙና) ሲወሰድም ቁጥሩንና ቀኑን መዝግቡ። ኪዩቦቹ አብዛኛውን ጊዜ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበራሉ። ውጤቱ ሲመጣ የዚያን ቀን ገጽ ገልጣችሁ አስተያዩ። ውሃ የበዛበት ኮንክሪት እንደሚደክም መምህራችሁ ነግሯችኋል፤ እዚህ በራሳችሁ ቁጥር ትፈትሹታላችሁ። ያልገባችሁንም ከሥር ጻፉ። ደግሞ የዕለቱን በዕለቱ። የሳምንቱን ሁሉ ዓርብ ማታ በአንድ ቁጭታ የሞላ ተማሪ ከእጅ ጽሑፉ ያስታውቃል።

ፎቶኮፒ ብቻ ካሠሯችሁ? የክፍያ ሰርተፊኬት (ለተሠራው ሥራ ክፍያ የሚጸድቅበት ሰነድ) ከሆነ በደንብ እዩት። ውስጡ ካሉት መጠኖች አንዱን ከፕላኑ ላይ ራሳችሁ አስሉና አመሳክሩ። ከዚያ ወደ ሱፐርቫይዘራችሁ ሄዳችሁ «ነገ ቴክኦፍ ሲሠራ አብሬ ልቀመጥ?» በሉ፤ ቴክኦፍ ማለት የሥራ መጠንን ከፕላን ላይ ለክቶ ማስላት ነው። ቁርጥ ያለ ጥያቄን እምቢ ማለት ይከብዳል። ሰነድ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ።

ግማሽ ላይ ስትደርሱ «ምን ይቀረኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለማስተካከል ጊዜ አለ። ሪፖርቱ ከሎግቡኩ ይወጣል፤ የጻፈ ሰው አይቸገርም። የግምገማ ቅጹን ግን ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። ያን ቀን እኔ ሌላ ሳይት ልሆን እችላለሁ።