በክሪፕቶ ተዋጥቶ ደሴ ላይ በብር የሚከፈል የአርቲስቶች ድጎማ

ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ (በኢንተርኔት የሚተላለፍ ዲጂታል ገንዘብ) መገበያየትና ክፍያ መፈጸም ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ክሪፕቶው ውጭ አገር ተጀምሮ እዚያው ያብቃ፤ ደሴ የሚገባው በባንክ የመጣ ብር ብቻ ነው። የክሪፕቶውን ቁልፍ (ገንዘቡን ለማውጣት የሚያስፈልገውን የምስጢር ኮድ) ውጭ ያሉ የወሎ ልጆች ይያዙ፣ አመልካቾቹን ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ሰዎች ያጣሩ።

ለመዋጮው «ሴፍ» በተባለው አገልግሎት ላይ የጋራ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ይከፈታል። ሦስት ሰዎች ቁልፍ ይይዛሉ፤ ሁለቱ ካልፈረሙ ሳንቲም አይወጣም። ሦስቱም አንድ ቤት የሚኖሩ ከሆነ ግን ትርጉም የለውም። የመክፈቻ ቃላቱን (ቁልፉ ቢጠፋ መልሰው የሚያስገኙት፤ 12 ወይም 24 ናቸው) እያንዳንዱ በወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ፤ ስክሪንሾት ማንሳት ክልክል ነው።

በቢትኮይን ከመሰብሰብ ዋጋው ከዶላር ጋር የሚሄደው ዩኤስዲሲ ይሻላል። ኔትወርኩን (ገንዘቡ የሚተላለፍበትን መስመር) ከዋሌቱ አድራሻ ጎን ጻፉት፦ «ፖሊጎን ብቻ»። ዋናው ኢተሪየም በተባለው ኔትወርክ ላይ የማስተላለፊያው ክፍያ የ5 ዶላር ስጦታን ሊበላው ይችላል። የጋራ ዋሌት ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ፖሊጎን ላይ ብቻ ተከፍቶ ሳለ አንድ ሰው በሌላ ኔትወርክ ወደዚያው አድራሻ ከላከ፣ ገንዘቡ ከነጭራሹ ላይገኝ ይችላል። መጀመሪያ 1 ዶላር ልኮ መድረሱን ማየት ይበጃል።

አሁን ወደ ክፍፍሉ። ከመዋጮው ሌላ፣ ሰዎች ለአርቲስቶቹ በሰጡት ላይ የሚጨመር 324 ዶላር ማሟያ አለ እንበል። ለአንድ ማሲንቆ ተጫዋች 25 ሰዎች አንዳንድ ዶላር ሰጡ፤ ለአንዲት ሠዓሊ 4 ሰዎች አራት አራት ዶላር፤ ለሦስተኛው አንድ ሀብታም ዘመድ 25 ዶላር። የእያንዳንዱን ስጦታ ካሬ ሥር (በራሱ ሲባዛ ስጦታውን የሚሰጠውን ቁጥር፤ የ4 ካሬ ሥር 2 ነው) ለየአርቲስቱ ደምሩ፣ ድምሩን በራሱ አባዙ፣ የተዋጣውን ቀንሱ። ማሲንቆው 625 ሲቀነስ 25፣ 600 ይሆናል። ሠዓሊዋ 64 ሲቀነስ 16፣ 48። ዘመድ ያለው ዜሮ። ድምሩ 648 ስለሆነ ማሟያው ግማሹን ብቻ ይሸፍናል፤ 300 እና 24 ዶላር ይደርሳቸዋል። የብዙ ሰው ትንሽ ስጦታ የአንድን ሰው ትልቅ ስጦታ ይበልጣል ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቀመር አላየንም።

ቀዳዳውም እዚሁ ነው። ያ ዘመድ 25 ዋሌት ከፍቶ አንዳንድ ዶላር ቢልክ 25 ሰው ይመስላል። ሶፍትዌር ብቻውን አይበቃም፤ ሰጪው ሁሉ በስልክ ይመዝገብ፣ ከዕድሩ ወይም ከሰፈሩ የሚያውቀው አንድ ሰው ይመስክርለት። ለአንድ አርቲስት የሚደርሰው ማሟያም ጣሪያ ይኑረው፤ ጣሪያው ምን ያህል እንደሆነ መዋጮው ሳይጀመር ይነገር።

ማመልከቻው የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ቢሆን ይበቃል፤ ኔት ሲጠፋ በወረቀት መቀበልም ያስፈልጋል። የሚጠየቀው ቁርጥ ያለ ነገር ነው፦ «ለስቱዲዮ 6 ሰዓት፣ ሰዓቱ ይህን ያህል ብር»። «ለሥራዬ ማስፋፊያ» የሚል ይመለስ።

ክፍያው ሲደርስ ውጭ ያሉት ፈራሚዎች ፈቃድ ባለው ድርጅት ወደ ዶላር ቀይረው በአርቲስቱ ስም ባለ ሒሳብ ይልካሉ። እዚህ ላይ የሚያደናቅፈው ስም ነው፤ ሕዝቡ በመድረክ ስሙ የሚያውቀው ሰው መታወቂያው ላይ ሌላ ስም አለው፣ ገንዘቡም ባንክ ይቆማል። ስም እስከ አያት፣ በባንክ ደብተሩ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ተቀበሉ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ድጎማውን በዶላር አስታውቁ፣ ክፍያው በዕለቱ ተመን ይሁን። ሁለት ሦስተኛውን በቅድሚያ፣ ቀሪውን ቀረጻው ወይም ሥዕሉ ሲታይ ክፈሉ፤ ደረሰኝ ያላመጣ በሚቀጥለው ዙር አይመዘገብም።