ስሙን ተዉት፣ ቀለሁን ለኩት

ደብረ ብርሃን ላይ አንጥረኛ ነኝ። መስቀል፣ ቀለበት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የበር እጀታ እሠራለሁ። ናሱን የማገኘው ባብዛኛው ከጥይት ቀለህ ነው። ከመንዝ፣ ከጅሩ፣ ከአንኮበር የሚመጡ ገበያተኞች ከአባት ከአያት የቀረውን በከረጢት ቋጥረው ያመጡልኛል፤ በኪሎ እገዛቸዋለሁ። ቀለህ ምርጥ ናስ ነው፤ ከመቶ 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ። ስንቱን ታሪክ አቅልጬ የበር እጀታ እንዳደረግሁት እግዜር ይቁጠረው።

ማቅለጡን ቀነስ አድርጌ ማስቀመጥ የጀመርሁት በአያቴ ኩል ምክንያት ነው። አያቴ ከመመንኮሳቸው በፊት ኩላቸውን የሚያኖሩት፣ እንደ ብዙ የአገራችን ሴቶች፣ በጥይት ቀለህ ውስጥ ነበር። ቀለሁ የባላቸው ነው። ባላቸው በጣሊያን ዘመን መንዝ ውስጥ ከራስ አበበ አረጋይ ጦር ጋር የዋሉ አርበኛ ነበሩ፤ በቤተሰባችን ሰርግ ሁሉ ‹‹የአያታችን ምንሽር›› ሳይፎከርበት ቀርቶ አያውቅም። አያቴ ሲያርፉ ቀለሁ ለእኔ ደረሰ። ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ካሊፐሬን አንሥቼ ለካሁት፦ ርዝመቱ 57 ሚሊ ሜትር፣ ቂጡ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር የለውም። ቂጡ ላይ ‹‹ኤፍ ኤን›› የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ተቀርጸዋል። ይህ ምንሽር አይደለም። ከጦርነቱ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ከቤልጅግ አገር፣ ከኤርስታሉ ፋብሪካ ያስመጡት የማውዘር ጠመንጃ ጥይት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ‹‹ቤልጅግ›› የሚሉት።

ለአጎቴ ነገርኋቸው። ‹‹የአባቴን ምንሽር ቤልጅግ ልታደርግብኝ ነው?›› አሉና እስከ ፋሲካ ድረስ አላነጋገሩኝም።

ይህን የምጽፈው የእህቴ ልጅ የኢላማ ተኩስ ፍቅር ስለያዘው ነው። ‹‹ጋሼ፣ የቱ ካሊበር ይሻለኛል?›› እያለ ይጠይቀኛል፤ የቱ የጥይት ልክ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ቀለህ መለየት ሳይማር ካሊበር እንዲመርጥ አልፈልግም። ጠመንጃን በስሙ የሚገዛ ሰው በሬን በቀንዱ ውበት እንደሚገዛ ነው። ስም በጆሮ ይተላለፋል፤ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር መጣና ኋላ መዝጊያው በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ተባለ። ውጅግራ ‹‹ፉዚ ግራ›› የሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው፤ ስናድርም የእንግሊዙ ስናይደር። የጣሊያኑ ካርካኖም ከማንሊኸር ማጉረሻውን ስለወሰደ በአንዳንድ መጻሕፍት ‹‹ማንሊኸር ካርካኖ›› ይባላል፤ ግርግሩን አስቡት።

ቀለህ ለመሰብሰብ የሚነሣ ሰው ከሁሉ በፊት ባዶውን ከጎራሹ ይለይ። ከዓመታት በፊት ሦስት ኪሎ የሚሆን ቀለህ ገዝቼ ማቅለጫው እሳት ላይ ተጥዶ ነበር። እፍኝ እፍኝ እያነሣሁ ስጨምር አንዱ እጄ ላይ ከበደኝ። እርሳሱ ወልቋል፤ አፉ በጭቃ ተደፍኗል፤ ከሌሎቹ የሚለየው ነገር አልታየኝም ነበር። ገልብጬ ቂጡን ሳየው ግን መሐል ላይ ያለችው የማቀጣጠያ ቆብ ለስላሳ ነች፤ የጠመንጃው መቺ አልነካትም። ባሩዱ ውስጡ ነበር። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ሕጉ እንግዲህ ይህ ነው፦ ቂጡ ላይ የመቺው ጠባሳ ይኑር፤ አፉም በባትሪ ብርሃን ታይቶ ባዶ ይሁን። ሁለቱ ካልተሟሉ አትቀጥቅጡት፣ አትብሱት፣ እርሳሱን አትንቀሉ፣ ‹‹ባሩዱ አርጅቷል›› አትበሉ። ባሩድ ደርቆ ከተቀመጠ መቶ ዓመትም ይቆያል። ወደ ዳር አስቀምጣችሁ ለፖሊስ አስታውቁ፤ ያልተተኮሰ ጥይት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመለከተው ነገር ነው እንጂ የስብስብ ዕቃ አይደለም።

ሌላው ደግሞ መሬት ላይ የወደቀ አዲስ ቀለህ አታንሡ። በዚህ ዘመን የት እንደወደቀ፣ ከአጠገቡ ምን ሳይፈነዳ እንደቀረ፣ ማን እንዳለቀሰበት አይታወቅም። እኔ የምሰበስበው ከሰው ሣጥን የወጣ፣ ባለቤቱ ታሪኩን የሚነግረኝን አሮጌ ቀለህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ልኩ። የጥይት ስም ባብዛኛው ሁለት ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያው የአፈሙዙ ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ከኋላ ‹‹አር›› የምትል ፊደል ካለች ቂጡ የወጣ ከንፈር አለው ማለት ነው፤ ጀርመኖች ጠርዝን ‹‹ራንድ›› ይሉታል። ስለዚህ ካሊፐራችሁን ይዛችሁ ርዝመቱን፣ የቂጡን ስፋት፣ ከንፈሩን፣ በመጨረሻም አፉን ለኩ። የአፉን ልክ ግን ብዙ አትመኑት፤ ቀለህ ሲተኮስ ትንሽ ይሰፋል። ለኩል የተሠራ ከሆነ ደግሞ አፉ ተሞርዶ ሊያጥር ይችላል፤ የእኔ አያት ቀለህ አለመሞረዱ ዕድሌ ነው።

የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ የሚጠራ ሰው ምንም አልነገራችሁም። ‹‹ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት ነው›› ይሉኛል። የቱ? የአሜሪካኑ ካርባይን 7.62 በ33 ነው። ክላሽንኮቭና ኤስኬኤስ 7.62 በ39 ናቸው። 7.62 በ51 የኔቶ ነው። 7.62 በ54 አር ሩሲያ ከ1891 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ለሞሲን ጠመንጃ፣ ኋላም ለመትረየስ የምትጠቀምበት ነው። የአሜሪካኑ ጋራንድ 7.62 በ63 ነው። አምስቱን ጠረጴዛ ላይ ባቆማቸው ከአውራ ጣት እስከ መሐል ጣት እንደተሰለፉ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቤት አይገባም።

ከዚህ የባሰው ‹‹ስምንቱ›› ነው። የፈረንሳዩ ለበልና የኦስትሪያው ማንሊኸር ሁለቱም 8 በ50 አር ናቸው፤ ቁጥሩ አንድ፣ ነገሩ ሌላ። የሚለየው ቂጡ ነው፤ የለበሉ ከንፈር 16 ሚሊ ሜትር ሲሆን የማንሊኸሩ 14 ገደማ ነው። የለበሉ ቀለህ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ በጣም ስለሚሾጥ እኔ ‹‹የገበሬ ጎተራ›› እለዋለሁ፤ አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። ከመንዝ ከሚመጣው ከረጢት ውስጥ ትልቁ የውጅግራው 11 በ59 አር ነው፤ ከንፈሩ 17 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ሕፃን ልጅ በጣቱ ቢያጠልቀው ይገባለታል። የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5 በ52 ቀጭንና ከንፈር አልባ ነው። የእንግሊዙ ‹‹ሦስት መቶ ሦስት›› በኢንች የተጠራ ነው፤ ከንፈር አለው፤ ርዝመቱ 56 ሚሊ ሜትር ነው። ከቤልጅጉ 57 ጋር በዓይን የሚያምታታው እርሱ ነው፤ ከንፈሩን በጥፍር ዳብሱ።

ቁጥሮቹም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ እውነት አይናገሩም። ‹‹7.92›› የተባለው የማውዘር ጥይት እርሳሱ ሲለካ 8.2 ሚሊ ሜትር ነው። ጀርመኖች በ1905 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሹል እርሳስ ሲያመጡ ስፋቱንም ጨመሩት፤ ከዚያ በፊት የነበረው ወደ 8.1 ይጠጋል። አዲሱን ጥይት በአሮጌው ጠባብ አፈሙዝ ማስገባት ጠመንጃውን ከነተኳሹ ማጥፋት ነው። አጎቴ ‹‹አንድ ዓይነት ነው፣ ገባ አይደል?›› የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። መግባት ማስረጃ አይደለም።

የቂጡ ጽሑፍ የስብስቡ ጣፋጭ ክፍል ነው፤ የእጅ መነጽር ግዙ። ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ። ከካርካኖ ቀለሆቼ አንዱ ላይ ‹‹ኤስ ኤም አይ›› የሚል የጣሊያን ፋብሪካ ምልክትና ‹‹936›› የሚል ቁጥር አለ። አንዱን አስቀርተው 1936 ማለታቸው ነው፤ በእኛ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት 1928 ዓ.ም. ላይ ወይም ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ የተሠራ። ያመጡልኝ ሰውዬ የኩበት ቤት ሲያፈርሱ ከግድግዳ ጭቃ ውስጥ ያገኙት ነው። የሩሲያዎቹ ላይ ከላይ የፋብሪካ ቁጥር፣ ከታች የዓመቱ ሁለት አኃዝ አለ፤ 270 ሉሃንስክ፣ 539 ቱላ፣ 60 የዛሬዋ ቢሽኬክ። የአሜሪካኖቹ ጋራንድ ቀለሆች ላይ ‹‹ኤል ሲ›› ካያችሁ ሌክ ሲቲ የተባለው ፋብሪካ ነው። ማግኔትም ያዙ። የክላሽ ቀለህ ብዙው ብረት ነው፤ ላዩ መዳብ ተቀብቶ ወይም አረንጓዴ ቀለም ለብሶ ናስ ይመስላል። ገበያተኛው ማግኔቴ ሲጣበቅበት የሚያሳየው ፊት ያሳዝነኛል፣ ግን ብረት አልገዛም።

በባትሪ ወደ ውስጥ ስታዩ ደግሞ ቂጡ ላይ የማቀጣጠያው እሳት የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ቁጠሩ። አንድ ከሆነ የእንግሊዛዊው ቦክሰር የማቀጣጠያ ዘዴ ነው፤ ሁለት ከሆኑ የአሜሪካዊው በርዳን። የሚያስቀው፣ አሜሪካ የእንግሊዙን ወሰደች፤ አውሮፓ የአሜሪካዊውን።

ማጽዳት ላይ የእኔን ጥፋት አትድገሙ። መጀመሪያ አካባቢ አርባ ያህል ቀለህ በሎሚና በአመድ ፈትጌ እንደ ቀለበት አብለጨለጭኋቸው። ሎሚው ዚንኩን በላና አንዳንዶቹ ወደ ሐምራዊ ቀሉ፤ ጽሑፋቸውም ደበዘዘ። አንጥረኛ ሆኜ ይህን አለማወቄ ያሳፍረኛል። ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ አረንጓዴውን ዝገት በእንጨት ፋቁ፤ ጸሐይ ላይ አድርቁ። ዝናር ውስጥ አታስቀምጡ። ቆዳው የለፋበት አሲድ ናስን ያበሰብሳል፤ የአያቶቻችን ዝናር ቀለበቶቹ ዙሪያ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። እኔ የእንጨት ሣጥን ክፍልፍል አሠርቼ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልዬ ከየት፣ ከማን፣ መቼ እንደመጣ እጽፍበታለሁ። ያልተጻፈበት ቀለህ ከሁለት ዓመት በኋላ የናስ ቁራጭ ነው።

ወደ እህቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። ልጁ ልቡ ያለው ማውዘሩ ላይ ነው፤ ድምፁ ገደል ስለሚያስተጋባ። እኔ የምለው መጀመሪያ ፈቃዱን ከፖሊስ ጠይቆ የሚፈቀድለትን ይወቅ፤ ከዚያ በቀላሉ የሚገኝ ጥይት ያለውን ይምረጥ። ውጅግራ ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ መቶ ዓመት ያለፈው ብረት ግን አይተኮስበትም። ማውዘሩ 12 ግራም የሚያልፍ እርሳስ በሴኮንድ ከ700 ሜትር በላይ ይወረውራል፤ ትከሻው ላይ የሚመለሰውን የቀመሰ ጀማሪ በሦስተኛው ጥይት ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፤ ያ ልማድ አይለቅም። ለኢላማ መማሪያ በኢንች ‹‹ሃያ ሁለት›› የሚባለው 5.6 ሚሊ ሜትር ነው የሚበልጠው። እርሳሱ 2.6 ግራም ነው፤ ማቀጣጠያው መሐል ላይ ሳይሆን ከንፈሩ ውስጥ ነው። በኦሊምፒክ 50 ሜትር ላይ የሚተኮሰው እርሱ ነው፤ የዐሥር ነጥቧ ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ይቺን ደጋግሞ የመታ ሰው ስለ ጩኸት አያወራም። ከዚህም የሚቀንስ ካማረው 4.5 ሚሊ ሜትር የአየር ጠመንጃ በ10 ሜትር አለ፤ የዐሥሯ ነጥብ እዚያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት።

ትንሽ ነው ብሎ ግን እንዳይንቀው። ‹‹ሃያ ሁለት›› እንኳ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የእኛ አምባ ሜዳ ነው፤ እርሳሱን የሚውጥ ጉብታ የለውም። ወደ ገደሉ አፋፍ መተኮስ ባዶ ይመስላል፣ ከታች ግን ጎጆ አለ፣ እረኛ አለ። ከኋላው አፈር የቆመበት ቦታ እስኪያገኝ ይቆይ። ቃታ ስቦ ዝም ካለበትም አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሣ አንድ ደቂቃ ይታገሥ፤ ዘግይቶ የሚነሣ ባሩድ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጠመንጃውን ሸዋ ሮቢት ላይ በ1300 ሜትር አካባቢ አስተካክሎ እዚህ 2800 ሜትር ላይ ቢተኩስ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ረዥም ርቀት ላይ ከፍ ብሎ ይመታል። የደብረ ብርሃን ብርድ በበኩሉ ባሩዱን ትንሽ ስለሚያቀዘቅዘው ዝቅ ያደርገዋል። በ50 ሜትር አይታይም፤ በ300 ይታያል። ልጁ ይህን ስነግረው ‹‹ታዲያ የቱ ያሸንፋል፣ ብርዱ ወይስ ከፍታው?›› አለኝ። ከፍታው፣ አልሁት፤ ጥያቄው ግን ደስ አለኝ።

ባለፈው ፋሲካ አጎቴ መጥተው የኩሉን ቀለህ አምጣ አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ቂጡን አዩት፤ አፉን አሸተቱት። ‹‹ምንሽር ነው›› አሉና ኪሳቸው ከተቱት። ልኩ ደብተሬ ላይ አለ።