አንጃይና፦ ደረት ሲጨመቅ ምን ይደረግ?

የባሕር ዳሩን የቤዛዊት ዳገት ሲወጡ ወይም ጠግበው እንደበሉ ፈጠን ብለው ሲራመዱ መሐል ደረትዎን ጨምቆ ይዞ፣ ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ የሚለቅ ሕመም አንጃይና ሊሆን ይችላል። ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ሲጠቡ፣ ሥራ የበዛበት የልብ ጡንቻ ኦክስጅን ያጥረዋል። ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ፣ አንገት ወይም መንጋጋ ሊዛመት ይችላል። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ የትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል «ጨጓራ ነው» ብለው አይለፉት።

ሲጀምርዎ ይቀመጡ። ሐኪም ያዘዘልዎትን ናይትሮግሊሰሪን (የደም ሥርን የሚያሰፋ መድኃኒት) አንድ ፍሬ ከምላስ ሥር ያድርጉ። አይዋጡት፤ ከተዋጠ ጉበት አብዛኛውን ያከሽፈዋል። ቆመው ከወሰዱት ደግሞ የደም ግፊት ወርዶ ሊጥልዎ ይችላል። በ5 ደቂቃ ካልተሻለዎት አምቡላንስ ያስጠሩ፤ እስኪመጣ በየ5 ደቂቃው ይድገሙ፣ በጠቅላላው ከ3 ፍሬ አይለፍ። ባለፉት 24 ሰዓታት ሲልደናፊል (ቪያግራ) ከወሰዱ ግን ናይትሮግሊሰሪኑን ፈጽሞ አይንኩት።

እረፍት ላይ ሳሉ የመጣ፣ ወይም ላብና ማቅለሽለሽ ያለበት ሕመም ተራ አንጃይና ሳይሆን የልብ ጥቃት ሊሆን ይችላል፤ ሳይዘገዩ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይሂዱ። ራስዎ አይንዱ።

ናይትሮግሊሰሪን በሙቀትና በብርሃን ይበላሻል። የባሕር ዳር ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ከራሱ ጠርሙስ አውጥተው በወረቀት አይጠቅልሉት። ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሻገሩም ከእጅዎ አይለየው።

ጠበል ሲገቡም ሆነ ሲጾሙ መድኃኒት አያቋርጡ፤ በተለይ የልብ ምትን የሚያዘገዩትን አቴኖሎልን ወይም ሜቶፕሮሎልን በድንገት መተው ሕመሙን ያባብሳል። የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ።