ሚኒሞ አልይዝ ያለ የጀልባ ሞተር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጣና ላይ ጀልባ የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሄድ ደህና ነው። ዘጌ ደርሰው ነዳጅ ሲቀንሱ ግን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሳል ሳል ይለዋል፣ ማርሽ ሲገባለት ደግሞ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ የሚዞርበት ልክ፣ አልይዝ አለ የምንለው ይህን ነው። ተሳፋሪ ይዘው፣ ነፋስ ወደ ድንጋዩ እየገፋዎት ሞተር ሲጠፋ ያስፈራል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ትንሽ ነገር ነው። የሚያከብደው ቸኩለን የምንነካካው ነው።

መጀመሪያ ካቻቪቴ ማንሳት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ሞተሩ ሲጠፋብን ሚኒሞውን በቡሎን ከፍ እናደርገዋለን። አሁን አይጠፋም፤ ችግሩ ግን እዚያው አለ። በዚያ ላይ ሞተሩ ከሚገባው በላይ እየዞረ ማርሽ ሲገባ ‘ጓ’ ይላል። ያ ድምፅ የማርሹ ጥርሶች ሲበሉ የሚሰማ ነው። የማርሽ ጥገና ደግሞ ቤንዚንና አየር ከሚደባልቀው ከካርቡራተር እጥበት ጋር አይወዳደርም። ያንን ቡሎን ለመጨረሻ ያቆዩት።

የቤንዚኑን መንገድ ሳያዩ ካርቡራተር መፍታት

አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ካርቡራተር ስንፈታና ስንገጥም ቆየን። ምክንያቱ የቤንዚን ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መግቢያ መዘጋቷ ነበር። አየር ካልገባ ቤንዚን አይወጣም። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይታፈናል። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን ሳላይ መፍቻ አላነሳም።

ቀጥሎ ከታንኩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ ያለውን፣ በእጅ የሚጨመቀውን ጎማ ይመልከቱ። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ሲጨምቁት ጠንክሮ መቆም አለበት፤ እየላላ ከሄደ ቤንዚን የሚያፈስ ወይም የሚመልስ ቦታ አለ። አንድ ቀላል ፈተና ልንገርዎ። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ሌላ ሰው ጎማውን ይጭመቀው። ወዲያው ከተስተካከለ ቤንዚን በበቂ አይደርሰውም ማለት ነው፤ ቱቦውን፣ ፊልትሮውንና የሞተሩን የቤንዚን ፓምፕ ያዩታል። ካልተለወጠ አየር የሚቀንሰውን ቾክ ትንሽ ይሳቡ። በዚህ ከተሻለው ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው የሚኒሞ ቀዳዳ ቆሽሻ ሊሆን ይችላል። ካርቡራተር የሚፈታው አሁን ነው።

በሃይላንድ ወይም በጄሪካን የተገዛ ቤንዚን ከሆነ ከታንኩ ሥር ጥቂት ቀድተው በጠርሙስ ያስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይታያል። ለወራት የቆመ ቤንዚን ደግሞ ዝቃጭ ይተዋል።

ቀዳዳዋን በሽቦ መጎርጎር

የሚኒሞ ቀዳዳ ከመርፌ ዓይን የቀጠነች ናት። ሽቦ ካሰፋት ሞተሩ ዳግመኛ ልክ አይሆንም። በካርቡራተር ማጽጃ ነክረው በአየር ይንፏት። የድብልቁን ቡሎን ከመፍታትዎ በፊት በቀስታ ወደ ውስጥ እያዞሩ ስንት ዙር እንደሆነ ይቁጠሩና ይጻፉት። ሲደርስ አያጥብቁት፤ ጫፉ ይጎዳል።

ካንዴላ መቀየር እንጂ አለማንበብ

ካንዴላ፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ ይናገራል። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቶበታል፣ አለዚያም እሳቱ ደካማ ነው። የሁሉንም ሲሊንደር ካንዴላ አውጥተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩ ያ ሲሊንደር ላይ ነው፤ ገመዱን፣ እሳት የሚሰጠውን ኮይል፣ ከዚያም ኮምፕሬሽኑን (የሲሊንደሩን የመጭመቅ ኃይል) ያዩታል።

ሁሉም ጥቁር ከሆኑስ? ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲሠራ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላ ቢቀያይሩ ተመልሶ ይጠቁራል። ለከፍታው የሚሆነውን የካርቡራተር ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ከሞተሩ መመሪያ ይፈልጉ።

ዘይት በግምት መጨመር

ይህ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ለሚሰጣቸው ለቱ ስትሮክ ሞተሮች ነው። ለብዙዎቹ ልኩ 50 ለ 1 ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። የእርስዎን ከመመሪያው ያረጋግጡ። ቢበዛ ካንዴላ ያጠቁራል። ቢያንስ ሞተር ያቃጥላል።

ፕሮፔለሩን መርሳት

ማርሽ ሳይገባ ደህና ሆኖ ሲገባ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ካርቡራተሩን ከመውቀስዎ በፊት ወደ ኋላ ይመልከቱ። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ጣናን ከወረረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፕሮፔለር ላይ መጠምጠሙ የዘወትር ነገር ሆኗል። የተቀደደ መረብም ይጠመጠማል። ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን ነቅለው ያጽዱት። የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያውንም አብረው ይጥረጉ።

የብስ ላይ ሞክሮ መጨረስ

ያለ ውሃ ለአፍታም አያስነሱት፤ የውሃ ፓምፑ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል። በቱቦ ውሃ እየሰጡት እንኳ የሚኒሞ ልክ አይገኝም። ጭሱ በውሃ ውስጥ ሲወጣና በአየር ላይ ሲወጣ ሞተሩ አንድ ዓይነት አይሠራም፤ ፕሮፔለሩም ሸክም የለበትም። ጀልባዋን ውሃ ላይ በደንብ አስረው ሞተሩን ያሙቁት፣ መመሪያው እንደሚያዘው ማርሽ ያስገቡ። ካቻቪቴውን አሁን ማንሳት ይችላሉ።